ጠዋት ጠዋት እጅዎ አልጨበጥ ለሚልዎ የሾላ ሸማች



ቅዳሜ ቅዳሜ ሾላ ገበያ ከሚወጡት ሸማቾች አንዱ ከሆኑ ይህ ደብዳቤ ለእርስዎ ነው። በቅመም ተራው ሲያልፉ «እርድ ስንት ነው? ጥቁር አዝሙዱስ? ፌጦ አለሽ?» እያሉ የሚጠይቁት ለወጥ እንዳልሆነ ነጋዴዋ ገብቷታል። ዘንቢሉን በጣትዎ ማንጠልጠል አቅቶዎት ማንገቻውን ወደ ክንድዎ ሲያሳልፉት አይታለች። «እናቴ፣ ይቺን በማር ለውሰው በባዶ ሆድ ይውሰዱ፤ በሁለት ሳምንት ሕመሙን ይረሱታል» ትልዎታለች። ክፋት የላትም። ለእሷም የነገራት ሌላ ሰው ነው፣ ያም ሰው የሰማው ከሌላ ነው።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ማዕድዎን ያስተካክሉ፣ ይረዳዎታል። ነገር ግን ምግብ ሲቀያይሩ ሕክምና የሚጀመርበትን ጊዜ አያሳልፉ። ይህ በሽታ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው።

በሽታው ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል። በየቤታችን ግን ሪህ፣ ቁርጥማት ወይም ብርድ እየተባለ ከሌላው ሕመም ሁሉ ጋር ይደባለቃል። የሰውነታችን መከላከያ ጠላት የገባ መስሎት የራሱን መገጣጠሚያ ማጥቃት ሲጀምር የሚመጣ ነው። የመገጣጠሚያው የውስጥ ሽፋን ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ይወፍራል፤ ቆይቶም በአጥንቶች መካከል ያለውን ለስላሳ ንጣፍ፣ ከዚያም አጥንቱን ራሱን ይበላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከትንንሾቹ መገጣጠሚያዎች፣ ከጣት አንጓዎች፣ ከእጅ አንጓና ከእግር ጣቶች ሥር ነው። ቀኝ እጅ ከታመመ ግራውም ይከተላል። ጠዋት ሲነቁ ጣቶችዎ እንደ ደረቁ ይቆዩና ለአንድ ሰዓት ያህል፣ አንዳንዴም እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ድረስ አልታጠፍ ይላሉ። ድካሙ ደግሞ እንቅልፍ የማይጠግነው ዓይነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 18 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር እንደሚኖሩ ገምቷል፤ 70 በመቶ ያህሉ ሴቶች ናቸው። ሊጥ የምታቦካው፣ ቅቤ የምታነጥረው፣ ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክማ የምትወርደው ማን እንደሆነች ስናስብ፣ በሽታው የመታው የቤቱን ሥራ ሁሉ የሚሠራውን እጅ መሆኑ ይገባናል።

ምናልባት ከሁሉ አስቀድሞ የተነገረዎት «ሥጋ ተው» የሚል ይሆናል። ይህ ምክር የሌላ በሽታ ምክር ነው። ዩሪክ አሲድ የተባለው ንጥረ ነገር በደም ውስጥ በዝቶ መገጣጠሚያ ላይ እንደ መርፌ በሾለ ደቃቅ ጨው መልክ ሲከማች የሚመጣ ሌላ ሕመም አለ። ብዙውን ጊዜ ወንዶችን ይይዛል፣ በአንድ ሌሊት የእግርን አውራ ጣት ያሳብጣል፣ ሥጋ፣ ጉበት፣ ኩላሊትና ቢራ ያባብሱታል። ሁለቱን የለየው የለንደኑ ሐኪም አልፍሬድ ጋሮድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1848 ዩሪክ አሲድን በዚያኛው ሕመም ታማሚዎች ደም ውስጥ አገኘ፤ በ1859 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ ሩማቶይድ አርትራይተስን ለይቶ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ከ160 ዓመት በላይ አልፏል። በእኛ መንደር ግን አሁንም የአንደኛው ታማሚ በሌላኛው ሕግ ይጾማል። ልዩነቱን በደም ምርመራና በሐኪም እጅ ማወቅ ይቻላል፤ ሳያውቁ ሥጋ መተው ግን ምንም ሳይፈውስ ችግር ይጨምርብዎታል።

እንግዲህ ምግብ በእውነት ይረዳል ወይ? ይረዳል፤ ልኩን ግን ማወቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ቅርብ ሆኖ የማገኘው የኦስሎ ሐኪሞች ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። የበሽታው ታማሚ የሆኑ 53 ሰዎችን ለሁለት ከፈሉ። 27ቱ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ያህል በአትክልት መረቅ፣ በጭማቂና በዕፅዋት ሻይ ብቻ ጾሙ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ወር ተኩል ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል የሌለበት፣ ስንዴም ያልገባበት ምግብ በሉ፤ ቀስ በቀስም ወተት ያለበት፣ ሥጋ የሌለበት ማዕድ ላይ ዓመቱን ጨረሱ። የቀሩት 26ቱ የለመዱትን በሉ። በመጀመሪያው ወር መጨረሻ የጾሙት ሰዎች የሚያማቸውና የሚያብጥባቸው መገጣጠሚያ ቁጥር ቀነሰ፣ የጠዋቱ መድረቅ አጠረ፣ በደማቸው የሚታየው የብግነት ምልክትም ወረደ። ዓመት ሲሞላ መሻሻሉ አልጠፋም ነበር።

ይህን ሳነብ ትዝ የሚለኝ የእኛው ሁዳዴ ነው። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ማዕድ ለእኛ በኖርዌይ እንደሆነው አዲስ ግኝት አይደለም። አንድ ምዕመን በዓመት 180 ቀን ገደማ የሚጾመው ይህንኑ ነው። ስንዴ የሌለበት እህልም ሲፈለግ ጤፋችን ግሉተን የሚባለው ነገር በተፈጥሮው የለውም፤ እርግጥ ዛሬ በየቤቱና በየእንጀራ መሸጫው ጤፉ ከስንዴ፣ ከገብስና ከሩዝ ጋር ይደባለቃል። በጤፍ እንጀራ ላይ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ሥር ዘርግታ የምታቀርብ የየካ እናት ሐኪሞች በብዙ ድካም ያዘጋጁትን ማዕድ ሳታስበው ሠርታዋለች። ይህ ልብ ሊያሞቀን ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ግን የሙከራውን ሌላ ገጽታ ልሸሽግዎት አልሻም። ሰዎቹ የሚበሉትን ስለሚያውቁ ተስፋቸው ራሱ ሕመማቸውን አቅልሎት ሊሆን ይችላል፤ ምግብ እንደ እንክብል ደብቀው የሚሰጡት ነገር አይደለም። ከጾሙት መካከልም በደንብ የተሻላቸው እንዳሉ ሁሉ ያልተሻላቸውም ነበሩ። በሌሎች ሙከራዎችም ጾሙ ሲፈታና ወደ ልማዱ ሲመለሱ ሕመሙ ተመልሶ መምጣቱ በተደጋጋሚ ታይቷል። በፋሲካ ሳምንት «ጾሙ ደህና አድርጎኝ ነበር፣ ዶሮው መልሶ ጣለኝ» የሚሉ ሰዎች የሚናገሩት ከባዶ ተነስተው አይደለም።

ከኦስሎው በኋላ ስዊድኖች የሜዲትራንያን አገሮችን ማዕድ ሞከሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ጥናት 51 ታማሚዎች ለ12 ሳምንት ክትትል ተደረገባቸው። አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ፍራፍሬ፣ ዓሣና የወይራ ዘይት የበሉት ወገኖች ሕመም ቀነሰ። ቅናሹ የሚታይ ነበር፤ ትልቅ ግን አልነበረም። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ባደረገው መመሪያው በስም ከታወቁት የአመጋገብ ሥርዓቶች ሁሉ ይህን አንዱን፣ እሱንም በለዘበ ቃል መክሯል፤ ለማሟያ እንክብሎች ድጋፉን አልሰጠም። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ባለሙያዎች ማኅበር ደግሞ በ2021 ምግብ ብቻውን የበሽታውን አካሄድ በእጅጉ ይለውጣል ብሎ መጠበቅ እንደማይገባ ጽፏል። የእኔም ፍርድ ከዚህ አይርቅም። ማዕድ ሕመም ያስታግሳል፣ ልብና ደም ሥርን ይጠብቃል፣ ክብደት ያስተካክላል፤ አጥንት የሚበላውን እሳት ግን ለብቻው አያጠፋም።

የጾም ማዕዳችን ከሜዲትራንያኑ የሚያንሰው በዘይቱና በዓሣው ነው። በየሱቁ በጀሪካን የሚሸጠው፣ በብርድ ጊዜ የሚረጋው ዘይት የፓልም ነው፤ ግማሽ ያህሉ ለልብ የማይበጅ ስብ ነው። ይህ በሽታ ደግሞ የልብ ሕመምን አደጋ በራሱ ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ወጡ ላይ ዘይት ሲንሳፈፍ ከማየት ይልቅ የማይረጋውን ዘይት፣ እሱንም በልኩ ማድረግ ይሻላል። ዓሣን በተመለከተ ሕመምን ይቀንሳል የተባለው የቅባታም የባሕር ዓሣ ዘይት ነው፤ ጥናቶቹ የተጠቀሙት በቀን ሦስት ግራም ገደማ ኦሜጋ ሦስት ለሦስት ወር ያህል ነበር። የሐይቆቻችን ቆሮሶ ጥሩ ገንቢ ምግብ ቢሆንም ቅባቱ ጥቂት ነው። በዚህ ረገድ በሰፈር ሱቅ መደርደሪያ ላይ ያለው የሰርዲን ቆርቆሮ ይበልጠዋል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባትዎ ትቼዋለሁ። ተልባም ኦሜጋ ሦስት አለው፤ ሰውነታችን ግን የተልባውን ወደ ዓሣው ዓይነት የሚለውጠው በጣም ጥቂቱን ነው። ቢሆንም ተልባ ይጠጡ፤ ሆድ ያለሰልሳል፣ ልብንም አይጎዳም። ከሾላ ሲገዙ ፍሬውን ይግዙና በልኩ እየቆሉ፣ እየፈጩ ይጠቀሙ፤ ተፈጭቶ የከረመ ተልባ ቅባቱ ይበላሻል፣ ሽታውም ይነግርዎታል።

ስለ ቅመሞቹም ልበል። እርድና ዝንጅብል ብግነትን ሊያቀዘቅዙ እንደሚችሉ የሚጠቁሙ ትንንሽ ጥናቶች አሉ፤ ጥቁር አዝሙድም በጥቂት ሴቶች ላይ ተሞክሮ ተስፋ አሳይቷል። በወጥ፣ በሻይ፣ በአልጫ ውስጥ እንደ ልማዳችን ይጠቀሙባቸው። በጭብጥ እየዘገኑ እንደ መድኃኒት መዋጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እርድን በከፍተኛ መጠን በእንክብል የወሰዱ ሰዎች ጉበታቸው የተጎዳበት ጊዜ አለ፣ ለዚህ በሽታ የሚሰጠው ዋነኛ መድኃኒት፣ ሜቶትሬክሴትም፣ በጉበት ላይ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራኝ ምንነቱ ያልታወቀ፣ በላስቲክ የተቋጠረ «የቁርጥማት ዱቄት» ነው። በሁለት ቀን ተአምር የሚያሳይ ዱቄት ሲያዩ ይጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት «አርትሪ ኪንግ» የተባለውን፣ ከዕፅዋት ብቻ ተሠራ እየተባለ የሚሸጥ የመገጣጠሚያ እንክብል ሲመረምር፣ በመለያው ላይ ያልተጻፉ ዲክሎፌናክና ዴክሳሜታዞን የተባሉ መድኃኒቶች አገኘበት። ዴክሳሜታዞን እብጠትን ወዲያው ያጠፋል። ሳያውቁት ወራት የወሰዱት ሰው ግን ስኳሩ ይጨምራል፣ አጥንቱ ይሳሳል፣ በድንገት ሲያቆም ደግሞ ሕይወቱ ለአደጋ ይጋለጣል።

ብዙ ጊዜ የሚያሳዝነኝ ሌላም አለ። አንዲት ታማሚን አንዷ ጎረቤቷ ሥጋ ከለከለቻት፣ ሌላዋ ወተት፣ ሦስተኛዋ ቲማቲምና ድንች። ሴትየዋ የቀራት ዳቦ በሻይ ብቻ ሆነ። ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያና በርበሬ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች በመሆናቸው ይህን በሽታ ያባብሳሉ ይባላል፤ ይህን የሚያረጋግጥ ጥናት የለም። በሽታው ግን ጡንቻን ያሟሽሻል፣ ደምንም ያሳንሳል። ስለዚህ ምስርና ባቄላ በየቀኑ፣ በፍስክ ቀን ደግሞ እንቁላልና በልኩ ሥጋ ያስፈልጋታል። ቡናና ሻይም ብረት ከምግብ እንዳይወሰድ ያግዳሉ፤ ከምሳ በኋላ ጀበናው ለአንድ ሰዓት ያህል ቢዘገይ ደሟ ይጠቀማል። ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የእብጠት መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ አጥንቷን የሚደግፍ ካልሲየም ከወተት፣ ጾም ላይ ከሆነች ከጎመን፣ ከጤፍና ከሰሊጥ ማግኘት አለባት፤ በየዕለቱም ጥቂት ፀሐይ ትሙቅ። ለስላሳ መጠጥ ግን ለማንም አይጠቅምም፤ በአሜሪካ ነርሶች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ጥናት፣ በየቀኑ ስኳር ያለበት ለስላሳ በሚጠጡ ሴቶች ዘንድ በሽታው በዝቶ ታይቷል። ሲጋራ የሚያጨስ ታማሚ ካለ ከሁሉ በፊት ሲጋራውን ይተው።

ጥሬ ነገርን በተመለከተ በጥብቅ እናገራለሁ። ሜቶትሬክሴት ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ሰው የመከላከያ ኃይሉ ዝቅ እንዲል ተደርጓል። ያልፈላ ወተት፣ ለብለብ ክትፎና ጥሬ ሥጋ ለእሱ አይሆኑም። ካልፈላ ወተት የሚመጣው ብሩሴሎሲስ እንዲያውም በራሱ መገጣጠሚያ ያሳምማል፣ ያተኩሳል፤ ከዚህ በሽታ ጋርም ይምታታል። ወተቱን ያፍሉት፣ ክትፎውን ያብስሉት። ጠላ፣ ጠጅና አረቄም ከሜቶትሬክሴት ጋር ጉበት ላይ ይደራረባሉ።

ወደ ጾሙና ወደ ጸበሉ ልመለስ፤ የየካና የእንጦጦ ሰው ነዎትና ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መዋጥ ጨጓራን ያቆስላል፣ ያደማልም። ፕሬድኒሶሎንም ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው። ሐኪምዎ ሰዓቱን ያስተካክልልዎታል፤ ቤተ ክርስቲያንም ለታመመ ሰው የምታደርገውን ማቅለያ የንስሐ አባትዎ ያውቁታል። ሙስሊም ወገኖቼም በረመዳን ለታመመ ሰው የተፈቀደውን ታውቃላችሁ። ሜቶትሬክሴት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ይህን ደጋግሜ መናገር እፈልጋለሁ፤ በየቀኑ ከተወሰደ ይገድላል። ማርገዝ የምታስብ ሴት ደግሞ አስቀድማ ለሐኪሟ መንገር አለባት፤ ይህ መድኃኒት ጽንስ ይጎዳል።

እንጦጦ ማርያምና ኪዳነ ምሕረት ጸበል የሚወጡ ብዙ ታማሚዎች መድኃኒታቸውን ቤት ጥለው ይሄዳሉ። በኤችአይቪ ዘመን በዚያው ተራራ ላይ ይህ ጥያቄ ተነስቶ ነበር። ያን ጊዜ የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ፣ ጸበልና መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናገሩ። ለኤችአይቪ የተባለው ለመገጣጠሚያም ይሠራል። ይጸበሉ፣ ይጸልዩ፤ መድኃኒቱን ግን በቦርሳዎ ይዘው ይውጡ። በተለይ ፕሬድኒሶሎንን በገዛ ፈቃድዎ በድንገት አያቁሙ።

ጊዜውን በቁጥር ልንገርዎ። የመገጣጠሚያው ጉዳት ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ይጀምራል። የአውሮፓው ማኅበር ምክር፣ ያበጠ መገጣጠሚያ ያለው ሰው ሕመሙ በጀመረ በስድስት ሳምንት ውስጥ በመገጣጠሚያ በሽታዎች ሐኪም እንዲታይ፣ በሽታው መሆኑ ከታወቀም ሕመሙ ከጀመረ ሦስት ወር ሳይሞላው መድኃኒት እንዲጀምር ነው። በአገራችን የዚህ ሙያ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ስለዚህ መንገዱ ረጅም ሊሆን ይችላል። ከአካባቢዎ ጤና ጣቢያ ይጀምሩና ሪፈር እንዲጽፉልዎ ይጠይቁ፤ ምኒልክም ይሁን ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተራ መጠበቅ ካለብዎት ተራዎን ዛሬ ይያዙ። ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለው የደም ምርመራ «የለም» ቢል እንኳ በሽታው ሊኖር ይችላል፤ እጅዎን ዳስሶ የሚያይ ሐኪም ያስፈልግዎታል። መድኃኒት ከመጀመርዎ በፊት የጉበት ቫይረስና የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ እንዲደረግልዎ ይጠይቁ።

ምግብ የእርስዎን ሕመም በተለይ የሚያነሳሳ እንደሆነ ማወቅ ከፈለጉም መንገድ አለ። በቦስተን 217 ታማሚዎች ሲጠየቁ 24 በመቶዎቹ «ምግብ ሕመሜን ያሻሽለዋል ወይም ያባብሰዋል» ብለዋል። እርስዎ ከእነሱ መካከል ይሁኑ አይሁኑ ራስዎ ይፈትኑት። አንድ ነገር ብቻ፣ ለምሳሌ ለስላሳውን ወይም ወተቱን፣ ለአራት ሳምንት ይተዉ። በየጠዋቱ ጣትዎ በስንት ሰዓት እንደተፈታ በልጅዎ ደብተር ጀርባ ላይ ይጻፉ። ከዚያ መልሰው ይብሉትና ይዩ። ልዩነት ከሌለ አይከልክሉ፤ ወደ ሌላው ይለፉ። መድኃኒቱ ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ አይቋረጥም።

ለባልና ለልጆችም አንድ ቃል አለኝ። እጇ ባበጠባቸው ሳምንታት ሊጡን ሌላ ሰው ያቡካው፣ የምጣዱን አክንባሎ ሌላ ሰው ያንሳ፣ የጀሪካኑን ክዳን የምትከፍተው እሷ አትሁን። ሽንኩርቱን ወንዱ ልጅ ይክተፍ። እብጠቱ ሲወርድ ደግሞ ሥራውን ሁሉ አትከልክሏት፤ ጣቶቿ እንዳይተሳሰሩ መንቀሳቀስ አለባቸው፣ የቱን ያህል እንደሆነ የምታውቀውም እሷው ናት፤ ጠይቋት።

አክባሪዎ፣
ከየካ